ጋሽ ደገፋ ያላወቁት ስም

የሰውን ስም ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰልፍ በዚህ አገር ተሰልፎ አያውቅም። በአዳማ፣ በአንድ ቀበሌ የኅብረት ሱቅ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ሚዛን ያዡ ጋሽ ደገፋ ነበሩ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳር የሚታደለው በቤተሰብ ካርድ ነው፤ ካርዱ ላይ ደግሞ የቤተሰቡ ስም ሁሉ ተዘርዝሯል። ጋሽ ደገፋ የእያንዳንዱን ትርጉም ሳይናገሩ ስኳሩን ከሚዛን አያወርዱም። "ስም ዝም ብሎ አይወጣም!" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ከተሰላፊዎቹ አንዷን፣ ቀመሪያን፣ ስምሽ ከቅመም የመጣ ነው ብለዋታል።

"ኧረ ጋሼ፣ በዐረብኛ ጨረቃ ማለት ነው! አባቴ ናቸው ያወጡልኝ።"

"አባትሽ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ግን ተሳስተዋል።"

"ሊቀ ሊቃውንት፣ ስኳሩን ጉንዳን ሳይጨርሰው ይስጡን!" ይላል ከኋላ የተሰለፈ።

ሰብስቤ እኚህን ሰው አይወዳቸውም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ያልተረጋገጠ ቃል አይጽፍም። በዚያ ሰሞን ግን ራሱ ያልተረጋገጠ ቃል ተሸክሞ ነበር። ሚስቱ ዲንቄ በወለደች በሳምንቷ ስትሞት፣ "ሆራ በላት" ብላዋለች። ትኩሳት ነበረባት። አውቃ ነው የተናገረችው ወይስ ቃዥታ? እህቱ "ተው፣ ትዕግሥት በላትና ይለቅልህ" እያለች ትጨቀጭቀዋለች። ሁለት ወር ሙሉ ልጅቷ ካርዱ ላይ "ሕፃን" ተብላ ቆየች።

ተራው ደርሶ ጋሽ ደገፋ ካርዱን አዩ። "ሕፃን ደግሞ ስም ነው እንዴ?"

ሰብስቤ ሳያስበው ሁሉንም ነገራቸው።

"ሆራማ ከብት የሚጠጣው ጨዋማ ውሃ ነው" አሉ ፈጥነው።

"እሱንማ ማን ያጣዋል፣ ጋሽ ደገፋ? ለሴት ልጅ ለምን ታወጣዋለች?"

ሰልፉ ጆሮውን አቆመ። ጋሽ ደገፋ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ መልሰው አጠፉት።

"አላውቅም" አሉ።

ቀመሪያ ከድንጋጤዋ የተነሳ ዘንቢሏን ጣለች።

እሑድ ጋሽ ደገፋ ብቻቸውን አውቶቡስ ተሳፍረው ሁሩታ ሄዱ። የሄዱት፣ ሰብስቤ ከቀብሩ ወዲህ ፊታቸውን ለማየት አቅም አጥቶ የራቃቸውን የዲንቄን እናት ሊጠይቁ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ድረስ መጡ፤ ሳይቀመጡ ተናገሩ።

"እርጉዝ ሳለች ለእናቷ ነግራቸዋለች። 'ከብት ወደ ሆራ ሲወርድ ነጂ አይፈልግም፤ ራሱ ይሮጣል። ሴት ከወለድኩ ሆራ እላታለሁ፤ ያ ሰውዬ ያኔ እንኳ ከመዝገቡ ተነስቶ ወደ ቤት ይሮጥ ይሆናል' ብላ ስቃለች አሉኝ።"

ጋሽ ደገፋ፣ ለማን ቢነገር ይታመናል፣ ከራሳቸው ትርጉም አልጨመሩበትም።

ሰብስቤ መዝገቡን አወጣና "ሆራ ሰብስቤ" ብሎ ጻፈ። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ተኩል ነው፤ ቢሮውን ቆልፎ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠና ወደ ቤቱ ገሰገሰ። ጋሽ ደገፋ እያለከለኩ ተከተሉት፤ አሁን ደግሞ "ሰብስቤ" የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ጀምረውለታል፤ ግማሹ ስህተት ነው። ሰብስቤ አላረማቸውም። እንዲደርሱበት ብሎ እርምጃውን ቀነሰላቸው።