የማታለቅሰዋ ሚዛንና የቆንጂት ክር

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እኩል ነው» የሚል ቃል ሲሰማ እረፍት የሚያጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ዳቦ ሲቆረስ አንገቱን ያሰግጋል፤ ሚዛን ቢሰጡት ሚዛኑን የሚመዝንበት ሌላ ሚዛን ይጠይቃል። ቤይሩት ባለነው ሐበሾች ዘንድ ይህን ሹመት የያዘችው ክብርት እመቤት ቆንጂት ናት፤ የቨርደን ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ የቤት ሠራተኛ፣ የእሁድ የኮምፒውተር ክፍል የፊት ወንበር ባለርስት። ሥርጉት ደግሞ፣ አይ እድሏ፣ ከጎኗ የምትቀመጠው ናት።

ክፍሉ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር ውስጥ ምእመናኑ የተከራዩት አዳራሽ ነው። እስከ እኩለ ቀን ጸሎት ይደረግበታል፤ ከመጨረሻው «አሜን» በኋላ ወንበሩ ይዞርና፣ በሳምንቱ ምካሌስ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚመዘግበው ወንድም ባሮክ፣ ጃቫ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ በነጻ ያስተምራል። አሥር አሮጌ ላፕቶፕ፣ አሥር ተማሪ፤ በሩ ላይ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ። ሕጉ አንድ ነው፦ አራት እሁድ የቀረ ወንበሩን ይለቃል።

ሥርጉት ስድስቱን ቀን በአሠሪዋ በማዳም ቤት «ያላ ሥርጉት! ወይኒክ ሥርጉት!»፣ ቶሎ በዪ፣ የት ነሽ፣ ስትባል ትውልና በሰባተኛው እዚያ ወንበር ላይ ሰው ትሆናለች። ወንበሯን ብትነጠቅ ሳምንቱን በምን እንደምትገፋው አታውቅም።

የቆንጂት ጎረቤትነት ግን በነጻም አይፈለግም። ምሳቸው አንድ ማንኡሼ ነው፤ ያው ዘዕተር የሚሉት ሰሊጥና የደረቀ ቅጠል በዘይት የተቀባው ቂጣ። ለሁለት ሲካፈሉት ቆንጂት ከቦርሳዋ ክር አውጥታ ትለካለች። ከዚያ ሰሊጡ ወደ አንዱ ወገን አድልቶ እንደሆነ ትመረምራለች።

«እኩል ነው፣ ኸላስ፣ በቃ እንብላ!» ትላለች ሥርጉት አንጀቷ እየጮኸ።

«ያኒ፣ ማለቴ በምን እኩል?» ትላለች ቆንጂት። ማንኡሼው ይቀዘቅዛል።

ማዳሟም አልተረፈች። አንድ ቀን «ሁለቱም መጋረጃ እኩል ነው፣ ስቀዪው» ብትላት፣ ቆንጂት መሰላል ላይ ወጥታ እጥፋቱን ቆጠረች። የግራው ሃያ ሦስት፣ የቀኙ ሃያ ሁለት! መጋረጃው ወደ ሰፊው ተመለሰ፤ የተጋበዙት እንግዶችም ፀሐዩ ዓይናቸውን እየወጋ ምሳቸውን በሉ። ማዳም «ሜርሲ ቆንጂት» አለች ጥርሷን ነክሳ።

እንዲህ ያለችው ሴት ጃቫ ውስጥ እኩልነትን የሚፈትሽ ትእዛዝ እንዳለ የሰማች ቀን እልል አለች። ጸሎቱ ያላለቀ የመሰላቸው ሁለት ሰዎች «አሜን» ብለው ተቀበሏት።

«ባፈር ማለት» አለ ባሮክ «ቁጥሮች በተራ የሚደረደሩበት ማስቀመጫ ነው። ቦታ የምታመለክት ጣት አለችው። አንድ ቁጥር ስታስገቡ ጣቷ አንድ እርምጃ ወደፊት ትሄዳለች። ሁለት ባፈሮች እኩል ናቸው ወይ ብላችሁ ኮምፒውተሩን ስትጠይቁት...»

ቆንጂት የቀረውን መች ጠብቃ! ሦስት ሦስት ቁጥር የሚይዙ ሁለት ባፈሮች አዘጋጀች፤ በአንዱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በሌላው ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ሞላችና ጠየቀችው። ኮምፒውተሩ «ትሩ» አለ፤ አዎ፣ እኩል ናቸው ማለቱ ነው።

ቆንጂት መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «ወንድም ባሮክ፣ ይሄ ማሽን ይዋሻል! አንድና ሰባት በምን እኩል?»

«አይዋሽም። ሞልተሽ ስትጨርሺ ጣቷ ጫፍ ደርሳ ቆማለች። እሱ የሚያነጻጽረው ጣቷ ካለችበት ወደፊት የቀረውን ብቻ ነው፤ ላለፈው አያለቅስም፣ ዞሮም አያይም። ለሁለቱም የቀራቸው ባዶ ነው፤ ባዶና ባዶ ደግሞ እኩል ነው። መጀመሪያ ጣቷን ወደ መነሻው መልሺ።»

መለሰቻት፤ ኮምፒውተሩም «ፎልስ»፣ እኩል አይደሉም፣ ብሎ ታረመ። ቆንጂት ግን «ላለፈው የማታለቅስ ሚዛን! ወይ ጉድ!» እያለች ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።

በፈረንጆቹ 2019 መገባደጃ የአገሩ ሕዝብ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ፤ መንገዱ በሚቃጠል ጎማ ተዘጋ። የሥርጉት ማዳም ቤተሰቧን ሰብስባ ተራራ ላይ ወዳለው ቤቷ ወጣች፤ ሥርጉትንም ከሻንጣዎቹ ጋር ጫነቻት። አምስት እሁድ እዚያው አለፈ።

በስድስተኛው ስትመለስ፣ በሩ ላይ ተራ ትጠብቅ የነበረችው ሴት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከሥርጉት ወንበር አጠገብ ቆማለች።

ባሮክ አንገቱን ደፋ። «እህት ሥርጉት፣ ሕግ ሆኖብኝ ነው። ሌሎቹ አሥር ትምህርት ተምረዋል፣ አንቺ አምስት። እኩል አይደላችሁም።»

ምነው ያንን ቃል ባላወጣው!

«ያኒ፣ በምን?» ቆንጂት ተነሳች።

«በተማሩት ነዋ...»

«ያለፈውን ማን ጠየቀህ? ጣትህ የት ነው የቆመችው? ዛሬ ላይ! ትምህርቱ እስኪያልቅ ለእኔ ስንት እሁድ ቀረኝ? ስምንት። ለእሷስ? ስምንት። በል አነጻጽር!»

«ኧረ እህቴ፣ ሰው ባፈር አይደለም!»

«ዞሮ አያይም ያልከው አንተ አይደለህም? ወይ ትምህርትህን መልስ፣ ወይ ወንበሯን!»

«ይህችስ እህት?» አለ ባሮክ ወደ ተራ ጠባቂዋ እያሳየ።

«ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። ኪቦርዱን በክር እንካፈላለን።»

ተራ ጠባቂዋ ራሷ ሳቀች። ባሮክ ወደ ሰሌዳው ዞረና «ትሩ» አለ። ሥርጉት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ምሳ ሰዓት ላይ ቆንጂት ማንኡሼውን ሳትለካ ገመሰችው። ክሩ ከቦርሳዋ አልወጣም። ትልቁን፣ ሰሊጥ የበዛበትን፣ ለሥርጉት ዘረጋችላት።

«ይሄማ እኩል አይደለም» አለች ሥርጉት።

«ዝም ብለሽ ብዪ። አምስት እሁድ አምልጦሻል።»

«ያለፈው አይቆጠርም ስትዪ አልነበር?»

«እሱ ለባፈር ነው። ያላ፣ ሳይቀዘቅዝ!»

ሥርጉት ከቆንጂት ጋር ትኩስ ማንኡሼ ስትበላ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።