ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ

መቆሚያህን የሚመርጥልህ ሰው የሌለበት መንደር የለም። ዓሣ ሲሸጥልህ ከየትኛው ጎን ጀምረህ እንደምትበላው ያዝሃል፤ ልትቀመጥ ስትል "እዚያ ሳይሆን እዚህ" ይልሃል። ለእኛ ለወደቡ ሰዎች ግን የደረሱን ከሁሉም የባሱት ናቸው፦ ክብርት ማድሟዜል ኦክታቪ ቬርሃገ፣ ሠዓሊ፣ የሰባት እርምጃ እመቤት።

ከባሕሩ ግድብ ሥር ባለች ነጭ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ወለላቸውን እፈትጋለሁ። ሥዕላቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጥብ ነው። ተጠግተህ ካየኸው ኩፍኝ የያዘው ልጅ ይመስላል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ፣ "ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ!" የሚሉህ።

ውል አዋዋዩ ሙሴ ቫንደፑተ አንድ እሑድ አዲስ ባርኔጣ አድርገው ሥዕል ሊያዩ ማድሟዜል ግቢ ድረስ መጡ። ወደ ኋላ ሲሉ፣ ሲሉ፣ በስድስተኛው ላይ የልብስ ማጠቢያ ገንዳዬ ውስጥ ዘፍ። ማድሟዜል እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም።

"አሁን ከዚያው ሆነው ይዩት" አሉ። "ልኩ እሱ ነው።"

አንድ ቀን፣ "ቀለሙን ለምን እንደ ሰው አይቀላቅሉትም?" ብላቸው ብሩሻቸውን አነሡብኝ።

"ቀለም አይጋባም፣ ፊሎሜን። ይጎራበታል። የሚያጋባው ዓይንሽ ነው፤ እሱም ከራቅሽ።"

ይህንን ለሄሪንግ ዓሣ ሻጯ ለስቲና ነገርኳት። "ለካ ባል ያጡት ለዚህ ነው! ወንዱን ሁሉ ሰባት እርምጃ እያራቁት!" ብላ ቅርጫቷን እስክትጥል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ከብራስልስ ደብዳቤ መጣ። የሠዓሊዎች ማኅበር ለዓመቱ ትርኢት አንድ ሥዕል ይላኩ ብሎ ጋበዛቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲልኩ ሲመለስባቸው ኖረው፣ ተጠርተው ሲልኩ ይህ የመጀመሪያው ነው። የመረጡት የወደባችንን አፍ ነበር፤ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ ጋደም ብለው። ሁለት ክረምት ፈጅቶባቸዋል። እርጥብ ነጥብ ሌላ እርጥብ ከነካ ጭቃ ይሆናልና አንዱን አስቀምጠው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ሲጠብቁ የማቀርብላቸው የአሬራ ገንፎም አብሮ ይደርቃል።

"ማክሰኞ ጋሪው ይመጣል" አሉኝ። "ይህቺ ካልታየች፣ ፊሎሜን፣ እኔም ሳልታይ ቀረሁ ማለት ነው።"

በእኛ አገር ቅዳሜ ያልተፈተገ ነገር ነውር ነው። ደፉ፣ ደረጃው፣ መስኮቱ፤ ድመት እንኳ ዝም ብላ ከቆመች ትታሻለች። ያን ቅዳሜ ማድሟዜል የሥዕሉን ሣጥን ሊያዩ አናጢው ዘንድ ሄደዋል። እኔ ቀና ብል በሥዕሉ ሰማይ ጥግ ላይ፣ በሰማያዊው መሀል፣ ቡናማና ብርቱካንማ ነገር ነቁጥ ነቁጥ ብሎ አየሁ። ሰማይ ላይ ብርቱካን ምን ይሠራል? የዝንብ ኩስ ነው አልኩ። እንዲህ ቆሽሾ ብራስልስ ሲደርስ የሚታማው ማን ነው? አጣቢዋ! ጥቁር ሳሙናዬንና ብሩሼን አመጣሁ።

ጥጉ ሙሉ የዕቃ እጣቢ መሰለ።

ሲመለሱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። "ዝንብ መስሎኝ ነው፣ ማድሟዜል..." አልኩ። ሰባት እርምጃ ቆጥረው ወደ ኋላ ሄዱና አዩት።

"ከዚህም ያስታውቃል" አሉ፣ በቀጭን ድምፅ።

ሽርጤን ፈትቼ ተነሣሁ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ሳያባርሩኝ ብሄድ ይሻላል ብዬ።"

"እጄ አንድ ነው፤ ማክሰኞም ቅርብ ነው። ብሩሽ ያዢ። ሳሙናሽን ግን ከዚህ አርቂልኝ። ሰባት እርምጃ!"

ጥጉን በቢላ እስከ ሸራው ፋቁት። እሑድንም ሰኞንም ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን፤ ብርቱካኑን እሳቸው፣ ሰማያዊውን እኔ። "አትጫኚው" ይሉኛል። "ዶሮ ጥሬ ስትለቅም አይተሽ የለ? እንደሷ።" የእኔ ነጥብ የባቄላ ያህላል፣ የእሳቸው የሰናፍጭ ፍሬ። ግን አንዱንም አላጠፉብኝም።

ለትርኢቱ መክፈቻ በባቡር ይዘውኝ ሄዱ። አዳራሹ ሰፊ ነበር፤ ሥዕላቸው ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ወደ ደረጃው በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ አዘጋጆቹ ሰቅለውታል። ሰዉ በትከሻው እየታከከው ያልፋል። አንዲት ወይዘሮ ጓንቷን ሰብስባ፣ "ኩፍኝ!" ብላ ሄደች። ማድሟዜል ጀርባቸውን ከማዶው ግድግዳ አጣብቀው ቆሙ። ተረከዛቸው ግድግዳውን ሲገፋ አየሁት።

"ሁለት ተኩል" አሉ። "ሁለት እርምጃ ተኩል ነው ያለው።"

ስንመለስ፣ ባቡሩ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ፣ "የተጨሰ ሄሪንግ ይዘሽ ነበር፣ አይደል?" ብለው ጠየቁኝና በላን።

ከዚያም አሥራ አንድ ዓመት ሣሉ። ማንም አልጠራቸውም። ሲሞቱ የወንድማቸው ልጆች ወንበሩንም ሣጥኑንም ጭነው ሄዱ። ኑዛዜውን ያነበቡት እኒያው ሙሴ ቫንደፑተ ናቸው። "የወደቡ አፍ ለፊሎሜን ይሰጥ፤ የሰማዩ ጥግ የራሷ ነው" ይላል።

ክፍሌ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት እርምጃ ናት። ስለዚህ ከመስኮቱ ትይዩ ሰቀልኩት። ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ እወጣለሁ፤ መንገዱን ተሻግሬ ግድቡ ላይ ቆሜ አያለሁ።

"አንቺ ፊሎሜን!" አለችኝ ስቲና አንድ ቀን። "የገዛ ቤትሽን ልትሰርቂ ነው የምታደቢው?"

"አፍሽን ዝጊና አጠገቤ ቁሚ።"

እያጉረመረመች ግድቡ ላይ ወጣች። አየች። ቅርጫቷን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

"ውይ! ውሃው እኮ ይሄዳል..." አንገቷን አሰገገችና፣ "ያንቺ ጥግ የቱ ነው?" አለች።

ጣቴን አነሣሁ፤ መልሼ አወረድኩት። ከዚያ ሆኜ የእኔን ከእሳቸው መለየት አልቻልኩም።

ስቲና ጠጋ ብላ ልታይ አንድ እግሯን ስታነሣ ክንዷን ይዤ ጎተትኳት።

"ወደ ኋላ!" አልኳት።