ከዜሮ በታች የታደነ አደን

ዕቅድ የሌለው አገር ይራባል፤ ዕቅድ የሌለው አውሬ ግን ጠግቦ ያድራል። ይህ ለአብዮቱ የማይመች ነገር እንዲታረም በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ቢቸና ከተማ በሚገኝ አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት ታሪካዊ ስብሰባ ተደረገ። ከበላይ አካል አንድ ጓድ ለጉብኝት ይመጣሉና፣ አደንም ይወዳሉና፣ «ኃላፊነት የተሞላበት የትልልቅ አውሬና የአዕዋፍ አደን» ይዘጋጅላቸው ተባለ።

አዘጋጅ ሆኖ የተመረጠው የመዝገብ ቤቱ ውበቴ ነው። ውበቴ በዕድሜው የገደለው ትልቁ አውሬ ደብዳቤ የበላች አይጥ ናት፤ እሷንም በር ሲዘጋ ሳያያት ነው። የእጅ ጽሑፉ ግን ያምራል። ለአደን ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

«ጓድ ውበቴ» አሉት የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ፋንታ፣ «ከተሳካ ምስጋና አለህ። ካልተሳካ ደግሞ መተከል ሠፈራ ጣቢያ ጸሐፊ ይፈልጋሉ።»

ሚስቱ ባንቺዓለም ይህን ስትሰማ ሦስቱን ልጆቿን በዓይኗ ቆጠረችና «ወባው ከማንኛቸው ይጀምር ይሆን?» አለች። ውበቴ ዐሥራ አራት ቀን ቁጭ ብሎ ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ ዕቅድ ጻፈ። የሚገደሉት አንድ ድኩላ፣ ስድስት ቆቅና ዐሥራ ሁለት ጅግራ ናቸው። ድኩላው ወንድ፣ ያረጀ፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ የሌለው መሆን ይኖርበታል።

ዕቅዱን ይዞ አያ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ለገበሬ ማኅበሩ እስኪያስረክቡ ድረስ የታወቁ አዳኝ ነበሩ። ሲነበብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ማርጀቱን ማን ይመሰክርለታል?» አሉ።

«እርስዎ አይተው አይለዩትም፣ አያ?»

«እኔማ እለየዋለሁ፤ ቆሞ አይጠብቀኝም እንጂ። ስማኝ ልጄ፤ ድኩላ የሚታደነው ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ፣ ነፋሱን ከፊት ተቀብሎ፣ አፍን ዘግቶ ነው።»

«አፍ መዝጋት ዕቅዱ ውስጥ የለም» አለ ውበቴ፣ ከልቡ አዝኖ።

ሊጨምረው ቢሞክርም ኮሚቴው አልፈቀደም። ሰፊው ሕዝብ ያልተሳተፈበት አደን የመሳፍንት አደን ነው ተባለ። ስለዚህ እንግዳው ጓድ ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ሲደርሱ አራት መቶ ገበሬ፣ የቀበሌው የኪነት ቡድን ከነከበሮው፣ አንድ የድምፅ ማጉያም ጠበቃቸው። ጓድ ፋንታ ስለ ዱር አራዊት ጸጥታ አስፈላጊነት አንድ ሰዓት ተኩል በድምፅ ማጉያ ንግግር አደረጉ። ሕዝቡ መፈክር አሰማ። ገደሉም ተቀብሎ አሰማ።

ውበቴ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ «አሁን የት የሚደርስ ይመስልዎታል?» አላቸው።

«ድኩላው? ዓባይን ተሻግሮ ወሎ ገብቷል። ጅግሮቹ ደግሞ ቀድመውት እራት እያሰናዱለት ነው።»

እንግዳው እስከ ምሽት ጠመንጃቸውን ደግነው ቆዩ። አንዲት ቆቅ እንኳ አልታየችም። ፊታቸው ጠቆረ። ውበቴም የልጆቹ መልክ እየመጣበት እዚያው ድንጋይ ላይ ሪፖርቱን ጻፈ፦ «አደኑ ኃላፊነት ከተሞላበትም አልፎ ስለፈሰሰ፣ አንድም እንስሳ ሳይጎዳ በድል ተጠናቋል።»

እንግዳው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። እሳቸውም ለካ ሪፖርት የሚያቀርቡለት አለቃ አላቸው። «እንዲህ ነው አደን!» ብለው የውበቴን እጅ ጨበጡ።

ወር ሳይሞላ ሰርኩላር ወረደ። ቢቸና ዜሮ በመግደል ምሳሌ ሆኗልና ሞጣ በሶሻሊስታዊ ውድድር እንዲበልጠው፣ ጓድ ውበቴም በባለሙያነት ሄዶ እንዲረዳ ታዘዘ።

የሞጣው ኮሚቴ ሁለት ቀን ተጨነቀ። «ዜሮን በምን እንበልጠዋለን?» አሉ ሊቀ መንበራቸው።

«ከዜሮ በታች በመውረድ» አለ ውበቴ። ባለሙያነቱ ደርቶለት ነበር። «ከዱር መውሰድ ትተን ለዱር እንስጥ።»

በጭብጨባ ጸደቀ። ውበቴ ገበያ ወጥቶ ዶሮ ሻጯን እትዬ ዑሙሰልማን አገኘ።

«ስድስት ቆቅ ይኖርዎታል?»

«ቆቅ ከየት አመጣልህ? ያሉኝ ዶሮዎች ናቸው።»

«የዱር ናቸው ብለው ይፈርሙልኛል?»

እትዬ ዑሙሰልማ ወደ ዶሮዎቹ ዞር አሉ። «ያን ሁሉ ጎመኔን ጨርሰው ምን የቤት ናቸው! ወላሂ እፈርማለሁ።»

ስድስቱ ዶሮዎች በሰልፍ፣ በመዝሙርና በአበባ ታጅበው ጫካው ዳር ተለቀቁ። ለዚሁ ሲሉ ሞጣ ድረስ የመጡት እንግዳው ጓድ ጠመንጃቸውን አንግተው ሰላምታ ሰጡ። በመዝገቡም «የተገደለ፦ ከዜሮ በታች ስድስት» ተብሎ ሰፈረ። ያን ቀን ውበቴ መተከልን ረሳ፤ ሲራመድም ደረቱን ነፋ አደረገ።

በማግሥቱ ጧት ኮሚቴው የዶሮዎቹን ደኅንነት ሊመረምር ወጣ። ያገኘው ላባ ብቻ ነው። ከቁጥቋጦው ሥር አንዲት ቀበሮ ሆዷን ነፍታ ተጋድማለች። ሰው ስታይ ልትነሣ ሞከረችና ከብዷት ተወችው።

«ያለ ፈቃድ!» ብለው ጮኹ ሊቀ መንበሩ። «ስንቱን በላችው?»

«ስድስቱንም» አለ ውበቴ፣ ላባውን እያገላበጠ።

ሊቀ መንበሩ በጣታቸው ደመሩ፤ ቀነሱ። «እንግዲያማ ከቢቸና ጋር እኩል ወጣን ማለት ነው! ይህች አድኃሪ!» አሉና፣ ቀበሮዋ የምትወገዝበትን አስቸኳይ ስብሰባ እዚያው ሣሩ ላይ ከፈቱ።

ውበቴ ግን ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ በዚያ ሁሉ የዕቅድ ዘመን፣ የጀመረውን ሥራ መቶ በመቶ የፈጸመ ጓድ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።