የማይጮኸው ደወል

ሰው ከሥራ ሲወጣ የሚሄድበት አያጣም። እኛ ፍኖተ ሰላም አንዱ ከረንቡላ ይገፋል፣ አንዱ ጠላ ቤት ጎራ ይላል፣ ደጉ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ የምሄደው ወደ ሽቦዬ ነው። ምን ላድርግ? የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስለማላዘው ወንዝና ስለማልገፋው ተራራ ሳወራ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ የሚታዘዘኝ ነገር ያምረኛል።

ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ነገር አለ። ስሙ አያስደንግጣችሁ። ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ሰሌዳ ናት፤ ላይዋ ላይ ትንሽ ኮምፒዩተር ተለጥፎባታል። "ይህ ሲሆን ያን አድርጊ" ብላችሁ ትጽፉላታላችሁ፣ ታደርጋለች። አንዳንዴ አታደርግም። ያኔ ጥፋቱ የእናንተ ነው። እሷ ተሳስታ አታውቅም፤ ይኼን ከተማሪዎቼ በቀር ሌላ ፍጡር ላይ አላየሁትም።

የመጀመሪያ ሥራዬ አበባ ውኃ ሲጠማው ቀይ መብራት የሚያበራ መሣሪያ ነበር። ጨርሼ ባለቤቴን ስንዱን ጠራኋት። መብራቱን አየችው፤ ጠውልጎ የተኛውን አበባም አየችው። አበባው ራሱ እየነገረህ መብራቱ ምን ይጨምራል አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅም ውኃ ልታመጣ ሄደች።

እንግዲህ ወደ አማቴ ልውሰዳችሁ።

አማቴ ወይዘሮ ይታይሽ ቡሬ ነው የሚኖሩት፣ ብቻቸውን። በደህናው ጊዜ እህል ነጋዴ ነበሩ። በዚያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ መሐል የእሳቸው ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ይሰማ ነበር ይላሉ። ኋላ ግን ጆሯቸው ከዳቸው። ወደ እኛ ይምጡ ብንል ቤቴን ለማን ጥዬ አሉ። ባሕር ዳር ወስደን የመስሚያ መሣሪያ አደረግንላቸው። ጥቂት ቀን ሞከሩትና፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ተከላችሁብኝ ብለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከሁሉ የባሰው ግን አለመስማታቸውን መደበቃቸው ነበር። የሰው ከንፈር እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው ሲስቅ ይስቃሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ወይዘሮ ይታይሽ ኮራች እንጂ ደነቆረች አላለም።

የዚህ መደበቅ ጦሱ መጣ። አጥር ለአጥር የሚዋሰኗቸው፣ ከወጣትነት ጀምሮ ጓደኛቸው የሆኑ ወይዘሮ እናኑ የሚባሉ አሉ። አንድ ረፋድ ላይ ባላቸው በድንገት ወደቁ። ወይዘሮ እናኑ ለእርዳታ የሮጡት ወደ አማቴ በር ነው። የቆርቆሮ በሩን ደበደቡት። ከማድ ቤቱ ጭስ ይወጣል፤ በር የሚከፍት የለም። ወደ ሌላ ቤት ሮጡ፤ ሰውም ተሰበሰበ፤ ባልየው ግን አረፉ። አማቴ ነገሩን ያወቁት የሰውን ግርግር አይተው ነው። ቀበሩ፣ ለቅሶ ተቀመጡ። ወይዘሮ እናኑ ግን ቀና ብለው አላዩዋቸውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። የቅርቡ ጎረቤት በሩን ሲዘጋባችሁ ምን እንደሚባል ግን ተረቱ አይናገርም።

ስንዱ ከለቅሶው እንደተመለሰች እንጀራ እየቆረሰች፣ "ለአበባ የሠራኸውን ለእናቴ ሥራላት" አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል? ያዝኩት።

መጀመሪያ የሰው እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር ቡሬ ወስጄ የአማቴ በር ላይ ሰቀልኩ። ሰው ሲቀርብ ሳሎንና ማድ ቤት ያሉት መብራቶች ብልጭ ይላሉ። ደስ ብሎኝ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። በሳምንቱ ስሄድ አማቴ ጉልበታቸውን በቅቤ እያሹ አገኘኋቸው። ፍየል ሲያልፍ በርቷል። ውሻ ሲያልፍ በርቷል። ባጃጅ በቆመ ቁጥር በርቷል። እሳቸውም በበራ ቁጥር ተነሥተው ሄደው ከፍተዋል። "መምህር፣" አሉኝ በትሕትና፣ "ለአውራ ዶሮ በር የከፈትኩት በእርስዎ ዘመን ነው።"

ፈታሁት። ቀጥዬ የቆርቆሮውን ንዝረት የሚለይ ሠራሁ፤ በሩ ሲመታ ብቻ እንዲያበራ። ይኼኛው ዶሮ አያውቅም። መብራት ሲጠፋም እንዳይሞት ከተሰበረ የፀሐይ ፋኖስ ባትሪ አውጥቼ ሰጠሁት። እንዲያው በደንብ ሠራ፤ ክረምት እስኪገባ ድረስ። የቡሬን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራቱም ብልጭ ብልጭ ሲል ይውላል። አማቴ የመጀመሪያ ቀን ቡሬ በሙሉ ሊጠይቀኝ መጣ ብለው ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ አሉ። ርሰው ገቡ። ጉንፋኑ ለስንዱም ለእኔም ተረፈ፤ ለእሷ በሐሳብ፣ ለእኔ በነገር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ከምትደክም ውሻ ግዛላቸው አለኝ። ውሻው ሲጮህ ማን ይሰማዋል አልኩት። አሰበበትና፣ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ።

ተስፋ ልቆርጥ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ባሰብኝ እንጂ። ክረምቱ እንደወጣ ቡሬ ሄድኩና፣ የሰውን ምት ከዝናብና ከነፋስ ምን እንደሚለየው ልይ ብዬ ከአማቴ በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በጠጠር አንኳኳለሁ። በዱላ አንኳኳለሁ። ቆርቆሮውን እንደ ነፋስ እገፋለሁ። ከዚያ አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ደግሞ አንኳኳለሁ። ሰነባበትኩበት።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነበር። ሰው አንኳኩቶ ይጠብቃል። ዝናብ አይጠብቅም። ታዲያ ሰሌዳዋን፣ ምቱን ቁጠሪ፣ ከምቱ በኋላ ጸጥ ካለ ሰው ነውና ያንኑ ምት በመብራት ድገሚው አልኳት። ቀስ ብሎ የመታ ቀስ ብሎ ይበራል፤ የቸኮለም እንደ ችኮላው።

ለካ እኔ ምት ስቆጥር መንገደኛው እኔን ሲያይ ሰንብቷል። ያ የፍኖተ ሰላሙ መምህር ከአማቱ ተጣልቷል፣ እያንኳኳ ይለምናል፣ አትከፍትለትም ተብሎ ተወርቷል። አንድ ቀን ቀና ስል የአማቴ የንስሐ አባት መቋሚያቸውን ይዘው ፊቴ ቆመዋል። ከኋላቸው ጥቁር የለበሱ ወይዘሮ እናኑ አሉ። ሊያስታርቁኝ መጥተዋል።

አልተጣላንም ብል ማን ይስማኝ? አባ "ልጄ፣ ይህ ትዕቢት ነው" ይሉኛል። ወይዘሮ እናኑ ደግሞ ወደ በሩ እንኳ አላዩም። "እኔ የመጣሁት አባ ስላሉኝ ነው። ይህ በር ለእኔም አልተከፈተ" አሉ።

የዚያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ። "እባክዎ እርስዎ ያንኳኩ" አልኳቸው።

አባም በአገጫቸው ምልክት ሰጧቸው። ወይዘሮ እናኑ ጠጠር አንሥተው መቱ፤ ፈጠን ያለ፣ አጭር ምት። ጸጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰና አማቴ በእጃቸው ሊጥ እንደያዙ ከፈቱ።

ሁለቱ ተያዩ። "ዛሬስ ሰማሽኝ?" አሉ ወይዘሮ እናኑ።

አማቴ ከንፈራቸውን አይተው ተረዱ። "አልሰማሁሽም" አሉ። "መብራት አይቼ ነው። ያን ቀንም አልሰማሁሽም እናኑ። ጆሮዬ ከሞተ ቆየ፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።"

ወይዘሮ እናኑ የአማቴን አንገት አቅፈው አለቀሱ። ሊጡ ጥቁሩን ልብስ ነጭ አደረገው፣ ማንም ልብ አላለም። አባም፣ ስም ያወጣልሽ ሰው ነቢይ ነው፣ "ይታይሽ" ባይልሽና "ይሰማሽ" ቢልሽ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር አሉ። ሁሉም ሳቀ። አማቴም ሳቁ፤ አባ ያሉትን ግን እኔ መሬት ላይ በጣቴ ጽፌ ካሳየኋቸው በኋላ ደግመው ሳቁ።

እዚህ ላይ ባበቃ ለእኔ ክብር ነበር። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳሎን ተቀምጠናል። መብራቱ ብልጭ አለ፤ ረዘም ያለ፣ አረፍ እያለ የሚቀጥል ምት። እንደሚነሡ ብጠብቅ ንቅንቅ አላሉም። ምነው አልኳቸው በምልክት። ከምቱ ለይተው ባፈና ናት አሉ፤ ከላይኛው ሰፈር፤ የሰው ወሬ ይዛ ከገባች ፀሐይ ሳትጠልቅ አትወጣም፤ ዝም ካልኳት ትሄዳለች። መብራቱ ደገመ። እሳቸው ጥጣቸውን ይፈትላሉ።

ከዚያ ከውጭ የሴት ድምፅ መጣ፤ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። "ወይዘሮ ይታይሽ፣ መብራቱ ሲበራ በመስኮቱ እያየሁት ነው።"

አማቴ ፊቴን አይተው ምን አለች አሉኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ ነገርኳቸው።

እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ተነሡ። "መምህር፣" አሉኝ፣ "አለመስማት አንድ ደግ ነገር ነበረው። እሱንም ወሰዱብኝ።"