አረንጓዴው ድንች ለእማዬ

የትርፍራፊ ሚኒስትር የሌለበት ቤት የለም። ተሹመው አያውቁም፣ ደመወዝም የላቸውም፤ ያረረ ሩዝ፣ የደረቀ ዳቦ፣ የጠወለገ ጎመን ግን ያለ ክብርትነታቸው ፈቃድ ከቤት አይወጣም። «ምናለ ቢተዉት?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እኔ እኮ የምወደው እንዲህ ሲሆን ነው!»

የዛሬዋ ክብርት ከኬሚስትሪ አስተማሪ ልጃቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ዓሣ ሲሠራ ጭንቅላቱ፣ ሙዝ ሲገዛ የጠቆረው የእሳቸው ነው። አንድ ቀን ልጅየዋ አይብ ሲበሉ ደርሳ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ሸቷል!» ብትላቸው፣ «የሸተተው አፍንጫሽ ነው» ብለዋት አይቡን ጨረሱት።

ታዲያ መስኮት ሥር የከረመ ጆንያ ሙሉ ድንች አረንጓዴ ሆኖ፣ አቆጥቁጦ፣ ለምሳ ሲላጥ አስተማሪዋ አየች። ኡኡ ልትል ምንም አልቀራት።

«ድንች ብርሃን ሲያገኘው መርዝ ይሠራል፣ እማዬ! ሶላኒን ይባላል፤ ተባይ እንዳይበላው ራሱን የሚጠብቅበት አልካሎይድ ነው። አረንጓዴው ምልክቱ ነው እንጂ መርዙ ራሱ አይታይም። ብትቀቅዪውም አይጠፋም! ይመራል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ለልጆች ደግሞ ጭራሽ!»

«እሺ፣ የኔ እመቤት» አሉ። እሺ ሲሉ የመጀመሪያቸው ስለነበር ልጅየዋ ደስታዋን አልቻለችውም።

እስከዚያ ቀን አረንጓዴው ከደህናው ተደባልቆ ለአራት ሲካፈሉት ማንንም አልጎዳም። ከትምህርቱ በኋላ ግን ክብርትነታቸው በየማለዳው ጆንያውን ይለቅሙ ጀመር። ደህና ደህናው ለቤተሰቡ፤ አረንጓዴውና ያቆጠቆጠው በሙሉ በትንሿ ድስት ለብቻው። ምግብ መጣል እሳቸው ዘንድ ነፍስ ከማጥፋት አይተናነስም። ጓዳ ገብተው፣ እንደቆሙ፣ ማንም ሳያያቸው በሉት።

ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታል ገቡ። ትውከቱና ተቅማጡ አድርቋቸው ነበር። ሐኪሙ «ምን በልተው ነው?» ቢላት፣ አስተማሪዋ «ሁላችንም አንድ ማዕድ ነው የምንበላው» ብላ ማለች። «ልባቸው በጣም ደክሟል» ብሏት ወጣ።

«ልጆቹ አልቀመሱም» አሉ እናትየዋ ከአልጋው ላይ። «ያልሽውን አንድ በአንድ ለይቼ፣ እኔው ነኝ የበላሁት።»

«ለምን አልጣልሽውም? ኧረ ለምን፣ እማዬ?»

«እህል ይጣላል እንዴ?» አሉ። «ግን ልክ ነሽ፤ ይመራል።»

ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ለቅሶ ቀደማት። ስንቱን ስታስተምር ኖራ፣ ከነገረችው አንዲት ቃል ሳያጎድሉ የያዙላት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጉንጫቸውን አገላብጣ ሳመች።

«አንጀቴን በላሽው» አለቻቸው። አልሰሟትም፤ እጃቸው በእጇ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር።