ሸብና ሎሚ በዳኛ ፊት

የሰው ልጅ ለአፉ ጠያቂ ነው። ወጥ ሲቀርብለት፣ ቅቤ ገብቶበታል ወይ፣ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ ይላል። ለብብቱስ ማን ጠይቆ ያውቃል? ሽታ ያጠፋል ካሉት ክንዱን ማንሣት ብቻ ነው። እኔም ሳልጠይቅ፣ ያውም የገዛ ባሌን ቀብቼ፣ ያየሁትን ላውጋችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ስማዳ ውስጥ አንዲት የባቄላ ማሳ ነበረችን፤ ክረምቱን የምታሻግረን እሷ ናት። ጎረቤታችን ደምሴ ድንበሩን ገፋ፣ ገፋና «የእኔ ናት» አለ። ወገዳ ከተማ ሄደን ዳኛ ፊት ቆምን።

ባሌ አያሌው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር። ግን ሰው ፊት ሲቆም ያልበዋል። ላብ ስላችሁ የእናንተን እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ሐምሌ ጣራ ነው የሚያፈስሰው። በእኛ አገር ደግሞ ሙግት በአፍ ብቻ አይሆንም፤ ክንድ ይወረወራል፣ ዱላ ይወዘወዛል። እሱ ሽታውን እያፈረ ሁለት ክንዱን ከጎኑ ለጥፎ ያንሾካሹካል። ደምሴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጌታዬ ዳኛው፣ የዚህ ሰው ነገሩ ሳይደርስ ሽታው ደረሰ!» ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አያሌው ጋቢውን ተከናንቦ ከሰዉ ኋላ ተደበቀ። ዳኛው አዘኑለት መሰል፣ «ለገበያ ቀን ተዘጋጅተህ ና፤ ያን ቀን ካልተናገርህ ግን ለእሱ እፈርዳለሁ» ብለው ቀጠሩት።

ወገዳ ላይ እንድሪስ የሚባል ነጋዴ ነበር፤ ለሁሉ ነገር መላ አያጣም። ጉዳዬን በጆሮው ነገርሁት። እንደ መስተዋት የጠራ ድንጋይ አወጣና፣ «ሸብ ነው፣ እቴ። ውኃ አስነክተሽ ቀስ አድርገሽ አሻሺው፤ ኋላም ይታጠብ። ግን አደራሽን፣ ምላጭ የነካው ገላ ላይ እንዳታደርጊው» አለኝ። ሸብማ አጣሁት እንዴ? ቆዳ የሚያለፉበት አይደለም? የበሬ ቆዳ የገራ የአያሌውን ብብት ያቅተዋል? ብዬ ድንጋዩን ይዤ፣ ምክሩን እዚያው ገበያው ላይ ጥዬ ተመለስሁ።

በቀጠሮው ጠዋት፣ ችሎቱ አጠገብ ካለ አጥር ጥግ አስቀመጥሁት። ብብቱን በምላጭ ልጭት አደረግሁለት። ሸቡን ወቅጬ በሎሚ ለወስሁት፤ ሎሚው ከራሴ ዕውቀት ነው እንግዲህ! ለቀለቅሁት። «አንቺ ሴት፣ ምንድን ነው የቀባሽ...» ብሎ ሳይጨርስ ስሙ ተጠራ።

እናንተ! ያ ክንድ ወደ ታች እንቢ አለ። እንደ ንስር ክንፍ ወደ ላይ ተዘረጋ። «በዳኛ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ በቅሎዎች ደነበሩ። ቶሎ ጨርሶ ወንዝ ለመግባት ቸኩሎ፣ አያት ቅድመ አያቱን በአንድ ትንፋሽ ቆጠረ፤ የድንበሩን ድንጋይ አንድ በአንድ ጠራ። እንባው ይወርዳል፣ ሽማግሌዎቹም አብረውት ያለቅሳሉ። ደምሴ አፉን ሊከፍት ሲል አያሌው ይዘላል። ዳኛውም «እንዲህ ያለ ተሟጋች ሰምቼ አላውቅም» ብለው ማሳዋን መለሱልን። አያሌው እጅ ሳይነሣ ወደ ወንዙ በረረ፤ ሰዉ ግን ደስታው ነው አለ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ እጁን ዘርግቶ ተኛ። ገላው እንደ ሽንኩርት ተላጠ። እኔ እያለቀስሁ ቅቤ ስቀባው፣ «ሌላ ጊዜ ማሳውን ስጫቸው» አለኝ።

ታዲያ አንድ ቀን የደምሴ ሚስት የሻረግ ከቤቴ መጣች። «እታለም፣ ይግባኝ ልንል ነው። ለአያሌው የቀባሽውን በማርያም ንገሪኝ» አለች። አንጀቴ አልቻለም፤ ባላጋራ ብትሆንም የልጆች እናት ናት፣ ባሏም ገላ አለው። ሎሚ አታስጠጊ፤ ከምላጭ በኋላ ሦስት ቀን ይቆይ፤ ሸቡን ውኃ አስነክተሽ አሻሺው፤ ኋላም ይታጠብ፤ ብዬ እንድሪስ ያለኝን ሳላስቀር፣ መከራ ያስተማረኝንም ጨምሬ ነገርኋት። እሷም እንደ እኔ አይደለችም፣ ያልኋትን ሁሉ አደረገች።

ደምሴ ይግባኙ ላይ ብብቱ ደርቆ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ክንዱን ጎኑ ላይ አሳርፎ፣ በለሆሳስ ተናገረና ተረታ።

የሻረግ እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኛለች። ዋናውን መድኃኒት ደበቀችኝ ትላለች አሉ።