በዳጣ የተፈተነ ተከራይ

የሳል ነገር ሲነሳ ይቆጨኛል። ሳል ድሮ ጨዋ ነገር ነበር። በእኛ ሰፈር ሰው የሰው ግቢ ሲገባ በር አያንኳኳም፤ አጥሩ ጋ ቆም ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እህ፣ እህ» ይላል፣ ውስጥ ያሉትም ልብሳቸውን አስተካክለው «ግቡ» ይላሉ። አባቴ በሳሉ ብቻ በከተማችን በቦኖሻ ሁሉ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣና የጨዋ ሰው ሰላምታ ወንጀል ሆኖ ቁጭ አለ። ሚኒባስ ውስጥ አንዴ «እህ» ካላችሁ ሦስት ወንበር ይለቀቅላችኋል። ለሚመቸው ሰው መጥፎ አልነበረም።

እኔ ግን ያኔ የቸገረኝ ወንበር ሳይሆን ቤት ነበር። ወረርሽኙ ዘግቶት የከረመው ሆሳዕና ያለው ኮሌጃችን ሲከፈት፣ በአንድ ዶርም ስድስት ሆኖ መታፈን ቀርቷልና ግማሾቻችሁ ውጭ ተከራዩ ተባልን። ዕጣ ተጣለ፣ ውጭ ወጣሁ። የምረቃ ዓመቴ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ የት እንደምኖር ካላስመዘገብኩ ዊዝድሮዋል የሚባለውን የትምህርት ማቋረጫ ፎርም ሞልቼ ወደ ቦኖሻ መመለሴ ነበር፤ እዚያ ደግሞ እናቴ ለምረቃዬ ለሚታረደው በግ ስም ሁሉ አውጥታለታለች።

ሆሳዕና ውስጥ ለተማሪ የሚከራይ ቤት ጠፋ። ጠፋ ስላችሁ ቤቱስ እዚያው ቆሟል፣ «የሚከራይ» የሚል ወረቀትም ተለጥፎበታል። ችግሩ ተማሪ ማለት በሽታ በሻንጣ ጭኖ የሚዞር ፍጡር ሆኖ ለባለቤቶቹ መታየቱ ነው። አንዱ አከራይ ከቆርቆሮ በሩ በላይ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ከየት መጣህ አለኝ። ከመናኸሪያ ስለው አንገቱም ገባ። ሁለቱ ቀን እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን የክፍል ጓደኛዬ ማርቆስ፣ ወይዘሮ አስቴር የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት አንድ ክፍል እንደሚያከራዩ ነገረኝ። ማርቆስ የዳምቦያ ልጅ ነው፤ ቃሪያን እንደ ሙዝ ይበላል። እሱ ራሱ እዚያ ቤት ሞክሮ ነበር። ሴትየዋ እንግዳ ሳያበሉ አይሸኙም፣ የሚያቀርቡት ቆጮ በዳጣ ነው፣ ዳጣቸው ማለትም ያ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የተፈጨ ቃሪያ ደግሞ አያድርስ ነው አለኝ።

«እኔ እንኳን አላሳልኩም፤ ጨርሼ ጨምሩልኝ ብያለሁ። ግን አልሆነም፣ ምናልባት መልኬን አልወደዱትም። አንተ ብቻ አታስል።»

መልኩን ስለማውቀው ብዙም አልገረመኝም።

ሄድኩ። በራቸው ላይ ልማድ ይዞኝ ጉሮሮዬን ልጠርግ ስል በቶሎ መለስኩትና አንኳኳሁ። ወይዘሮ አስቴር ከጀሪካን ውሃ እጄን አስታጠቡኝ፣ በረንዳው ወዲያ ጫፍ አስቀመጡኝ፣ ሳህኑን አጠገቤ አኑረው እሳቸው ወዲህኛው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንቢ ማለት አይታሰብም። ማስኬን አወረድኩና ጎረስኩ።

ወገኖቼ፣ መጀመሪያ ከንፈሬ ሄደ። ቀጥሎ ጆሮዬ ያፏጭ ጀመር። ሳሉ ተነስቶ ደረቴ ላይ ሲደርስ በጉ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ፊቴን ሰብሰብ አድርጌ ይጣፍጣል አልኩ። ሴትየዋ አተኩረው አዩኝና አላቃጠለህም ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። ኧረ ምንም አልኳቸው። ፊታቸው ጨለም አለ። «እንጸልይ» አሉ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ቁልፉ ይሰጠኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ግን የሆሳዕና እናት ጸሎት መች ቶሎ ያልቃል! ለአገር ጸለዩ፣ ለሐኪሞች ጸለዩ፣ ለዝናቡ ጸለዩ፣ ቻይና ደረሱ። ሲመለሱም በየአገሩ እየቆሙ ነው። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ፣ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል። በመጨረሻ ሆሳዕና ገቡና ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ይህንንም በሽታውን ሳያውቅ የሚዞር ልጅ ማርልኝ» አሉ።

አልታመምኩም ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ሳል አባቴ እንኳን አስሎ አያውቅም፤ ዶሮዎቹ ግቢውን ለቀው ወጡ። አለቀልኝ፣ በጉም ተረፈ ብዬ ቀና ስል ወይዘሮ አስቴር ፊታቸው በርቷል።

«ተመስገን፣ ጤነኛ ነህ» አሉኝ። «ኮሮና የያዘው ሰው ጣዕም አይለይም ብለው በሬዲዮ ተናግረዋል። የኔን ዳጣ በልቶ ካላሳለ ምኑን ጤነኛ ሆነ? ባለፈው አንድ የዳምቦያ ልጅ መጥቶ ሳህኑን ጠርጎ ጨምሩልኝ ይለኛል። አለቀስኩለት፣ ልጄ። ገና ወጣት ነው።»

ቁልፉን እያሳልኩ ተቀበልኩ። በማግስቱ ማርቆስ ጤነኛ ነው፣ የሚኖርበትም አጥቷል ብዬ ለምኜ አመጣሁት። አስል ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። ሁለት ሳህን በላ፤ ላብ እንኳን ጠብ አላለውም። የማስመሰል ሳሉን ሲጀምር ወይዘሮ አስቴር ከንፈራቸውን መጥጠው ተነሱና በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ዝርዝር ላይ ስሙን አስመዘገቡት። ማርቆስ ሩቅ ሰፈር አክስቱ ጋ ከሦስት ልጆች ጋር ተጣቦ ዓመቱን ጨረሰ፣ ተመረቅን፣ በጉም ታረደ።

ያን ዘመን ሁሉ ማርቆስ አንድ ቀን እንኳን አላስነጠሰውም። ወይዘሮ አስቴር በጸሎቴ ነው ይላሉ።